ማይክ የሌላቸው ተማሪ

ግድግዳው እንዲህ ስስ ባይሆን ኖሮ አቶ መልከጸዴቅ ልጃቸው እንደምትስቅ ሳያውቁ ይኖሩ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሶፋው ላይ ጋደም ብለው፣ ስልካቸው ላይ የከፈቱትን ስብከት ድምፁን ቀንሰው ሲከታተሉ፣ ከሃሌሉያ ክፍል ሳቅ መጣ። በመጀመሪያ የጎረቤት መሰላቸው። በዚህ ሲያትል አጠገብ ባለ የቤልቪው አፓርትመንት የጎረቤት ማንቆርቆሪያ ሲያፏጭ እንኳ ስለሚሰማ የማንም ሳቅ ሊሆን ይችላል። ኋላ ግን ሳቁ አማርኛ አወጣና «ቆይ፣ ቆይ፣ አዱዬ፣ ገደልሽኝ!» ሲል ቀና ብለው ተቀመጡ። ስብከቱንም አጠፉት። ለእሳቸው ከ«ኦኬ፣ አባ» እና ከ«ደኅና ነኝ፣ አባ» የዘለለ ቃል የማይወጣት ልጅ፣ በር ዘግታ፣ በሥጋ ለማይዛመዷት ሰዎች ስታስረዳ፣ ስትቀልድ፣ ሲቀልዱባትም ስትስቅ ነበር። ሰው በገዛ ልጁ ይቀናል? እንዴታ። አቶ መልከጸዴቅ ያን ጠዋት ቀኑ። በልባቸውም ተበደልኩ አሉ፤ ማን በደለህ ቢባሉ ግን የሚጠሩት ስም አልነበራቸውም።

በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነገሩ ተገለጠላቸው። አዳነች የምትባል፣ ቡሪየን የምትኖር፣ አየር ማረፊያ ውስጥ መራመድ የማይችሉ መንገደኞችን በተሽከርካሪ ወንበር የምትገፋ ሴት ከአምልኮ በኋላ እጃቸውን ያዝ አድርጋ፣ «ሃሌሉያ እኮ ቅዳሜ ቅዳሜ ኮዲንግ ታስተምረናለች፣ ጋሼ! በነጻ፣ በአማርኛ! ደግሞ ጨዋታዋ! አልነገረችዎትም?» አለቻቸው። «ነግራኛለች እንጂ» አሉ አቶ መልከጸዴቅ፣ እዚያው ደጃፉ ላይ ቆመው፣ ዓይናቸውን በጨው አጥበው። ወደ ኢንተርኔቱ ክፍል የሚያስገባው ሊንክ የጉባኤው ቴሌግራም ላይ ተለጥፎ ነበር። እያወጡ ሲያዩት ሰነበቱና በመጨረሻ ሉቃስ ብለው ተመዘገቡ። ሌላ ምክንያት የለውም፤ በዚያ ሰሞን የሚያነቡት ወንጌል እሱ ስለነበረ ነው።

አባትና ልጅ ተጣልተው አይደለም የማይነጋገሩት። መጣላትም እኮ መተዋወቅ ይፈልጋል። አጸደ፣ ሚስታቸው፣ ለነርስነት ትምህርት ወደ ሲያትል ስትመጣ ሃሌሉያን በእጇ ይዛ መጣች፤ ልጅቷ ገና የወተት ጥርሷ እየተነቀለ ነበር። የእሳቸው ወረቀት ከዓመት ዓመት ሲንከባለል፣ ሲጠፋ፣ ተገኘ ሲባል ደግሞ ሲከለከል፣ አጸደ ታመመችና ሞተች። ልጅቷ አድጋ፣ ተመርቃ፣ ሥራ ይዛ አባቷን አስመጣች። አየር ማረፊያ የተቀበለቻቸው ሴት ቁመቷ ከእሳቸው ይበልጥ ነበር፤ በስልክ መስኮት የሚያውቋት ልጅ መሆኗን ያመኑት ስትጠራቸው ነው። ጥሩ ልጅ ናት፤ ማንም ይመስክር። የጥርስ ሐኪም ቀጠሯቸውን ትይዛለች፣ የሚወዱትን የብርቱካን ጭማቂ አይታ ትገዛለች፣ ወፍራም ካልሲ ታመጣላቸዋለች። ሰው ግን ከልጁ የሚፈልገው ካልሲ ብቻ አይደለም። ስለ አጸደ ደግሞ እዚያ ቤት ውስጥ አንድም ቀን ተነሥቶ አያውቅም። እሳቸው ልጅቷን ይከፋታል ብለው አያነሡም፤ ልጅቷ ለምን እንደማታነሣው ግን አያውቁም። እንዲሁ ማታ ትገባለች፣ ቃሪያውን ወደ ዳር እያወጣች ትበላለች፣ ወደ ክፍሏ ትሄዳለች።

ስለዚህ አቶ መልከጸዴቅ በስተርጅና ተማሪ ሆኑ። ቅዳሜ ሲመጣ «ላይብረሪ ሄጄ ትንሽ ላንብብ» ይሉና ይወጣሉ። ቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠው፣ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ትተዋት ወደ መጡት ልጅ ይመለሳሉ። ድምፃቸውና መልካቸው እንዳያጋልጣቸው ማይክም ካሜራም የለኝም አሉ፤ መልሳቸውን በጽሑፍ ነው የሚሰጡት። ሃሌሉያ ማንነታቸውን ሳታውቅ «ጋሼ ሉቃስ፣ ዛሬስ ማይክ ተገኘ?» ትላቸዋለች። በአንድ ጣት ፊደል እየለቀሙ «ገና ነው» ብለው ይጽፋሉ። ትስቃለች፤ እሳቸውም በዚያ ጸጥ ባለ አዳራሽ ለብቻቸው ፈገግ ይላሉ። በተማሪነታቸው ጎበዝ አልነበሩም። ዕድሜያቸውን በሙሉ ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ሆነው የሠሩ ሰው ስለሆኑ ቅንፍ አይረሱም፣ ነጥብ አይዘሉም፤ የጻፉት ኮድ ምን እንደሚሠራ ግን ብዙ ጊዜ አይገባቸውም። የልጃቸው አማርኛ ሲጎረብጥ ጣታቸውን ይበላቸዋል። እነ አዳነች ያርሟታል፣ እየተሳሳቁ። እሷም ደጋግማ ትጠይቃቸዋለች፤ አንዱን ቃል ሦስት ጊዜ አስብላ በዚያው ሰዓት ልትጠቀምበት ትታገላለች። ለምን እንዲህ እንደምትደክም አቶ መልከጸዴቅን ይገርማቸው ነበር። እሳቸው ግን አንድ ጊዜም አላረሟትም፤ ለእሳቸው ዓይነት ሰው ይህ ትልቅ ጾም ነው።

ዛሬ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ነው። ሃሌሉያ መሥሪያ ቤቷ አዲስ ሥራ ስለጀመረ ከእንግዲህ ቅዳሜዋን መስጠት እንደማትችል ባለፈው ሳምንት ለተማሪዎቿ ነግራቸዋለች። አቶ መልከጸዴቅም ሰምተዋል፣ በሉቃስነታቸው። ለአባቷ ግን አልነገረችም፤ ክፍሉ መኖሩንስ መቼ ነገረቻቸው። ሌሊቱን ሲገላበጡ አደሩ። ከዛሬ በኋላ የልጃቸውን ሳቅ የሚሰሙበት ቦታ አይኖርም፤ የሚቀራቸው ጀርባዋ ነው፣ ማታ ሳህን ስታጥብ የሚያዩት። ጠዋት ሲነሡ እንግዲህ እኔው አባትሽ ነኝ ሉቃስ ብያት ይለይለት ብለው አስበው ነበር፤ ወጥ ቤት ገብተው ሲያዩዋት ወኔው ከዳቸው። ሃሌሉያ ቆማ፣ በአንድ እጇ ስልኳን፣ በሌላው የተላጠ ሙዝ ይዛ ነበር።

«አባ፣ ዛሬም ላይብረሪ ነህ?»

«አዎ፣ ትንሽ ላነብ ነው።»

«ኦኬ። ዝናብ አለ። ጃኬትህን ልበስ።»

«እሺ። አንቺስ ምን ስትሠሪ ትውያለሽ?»

«ሥራ አለኝ» አለችና ወደ ክፍሏ ገባች። ሁለቱም ዋሹ፤ ሁለቱም እውነት ተናገሩ።

ዝናቡ የሚያርስ አልነበረም፤ ፊት ላይ የሚቀባ ዓይነት ነው። አቶ መልከጸዴቅ ጃኬታቸውን እስከ አገጫቸው ዘግተው፣ ውሾቻቸውን የዝናብ ልብስ አልብሰው በሚያንሸራሽሩ ወጣት መሐንዲሶች መሀል እያለፉ ወረዱ። ጥጉ ላይ ያለው ካፌ ቡና ሰባት ዶላር ብሎ ለጥፏል፤ ባለፉ ቁጥር ያነቡትና ባለፉ ቁጥር ይገረማሉ። ያም ሆኖ ሁልጊዜ ወጣቶች ተሰልፈው ያዩበታል፤ ሲያወሩ፣ ሲሳሳቁ። ሃሌሉያም ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር እንዲህ ትቆም ይሆናል ብለው ያስባሉ። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የለመዱት ቦታ ባዶ ነበር። መስኮቱ ፊት ለፊት እየተሠራ ያለ ሕንጻ አለ፤ ክሬኑ በዝናቡ ውስጥ ቆሟል። ማዳመጫውን ሲያጠልቁ ልጃቸው ሰው እየተቀበለች ነበር።

«ጋሼ ሉቃስ መጡ! የመጨረሻ ቀን ነው፣ ማይክስ?»

«ይቅርታ፣ አልተቻለም» ብለው ጻፉ።

የቀኑ ትምህርት ክሎዠር የሚሉት ነገር ነበር። ሃሌሉያ እጇን እያወናጨፈች ጀመረች። «ሶ፣ ለሰው ሥራ ትሰጣላችሁ፣ ኦኬ? ከሥራው ጋር አንዲት ትንሽ ጥቅል ትሰጡታላችሁ። ጥቅሏ ውስጥ ስትጨርስ ይህን አድርግ የሚል አለ። አሁን አይከፍታትም። ይዟት ይሄዳል፣ ሥራውን ሲጨርስ ይከፍታታል፣ ከዚያ የተባለውን ያደርጋል። ክሎዠር ማለት ያቺ ጥቅል ናት። የዛሬዋ ደግሞ ኦፕሽናል ናት። ጥቅሏን ልትሰጡትም፣ ላትሰጡትም ትችላላችሁ።»

«እኔ ሥራ ጋ እንዳለው በይኛ!» አለች አዳነች። «አንዳንዱ እናቱን ወንበሩ ላይ ያስቀምጥና ‹ጌት ጋ ስታደርሻት ኮል አድርጊልኝ› ይላል። አንዳንዱ ደግሞ ምንም ሳይል ዞሮ ይሄዳል።»

«ምንም ካላለሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ምን አደርጋለሁ፣ አደርሳታለሁ። አድርሼ ዝም ብዬ እመለሳለሁ።»

«እሱ ነው! ኮዱም እንደዛ ነው የሚያደርገው» አለች ሃሌሉያ፤ ደስ ብሏት ወንበሯ ላይ ተነሥታ ተቀመጠች። ቀጥላም ያልተሰጠን ጥቅል በግድ ልክፈት ቢሉ አፑ እዚያው ክራሽ አድርጎ እንደሚቆም፣ ለዚያም ሲባል ጥያቄ ምልክት እንደሚደረግበት አስረዳች፤ ትርጉሙም ካለ ክፈት፣ ከሌለ እለፍ ማለት ነው። ሊንውድ ውስጥ ዕቃ የሚያደርሰው ያፌት «ሶ፣ ጥቅሏን ሳልሰጠው ብቀር ኢረር የለም?» ብሎ ጠየቀ። «የለም» አለች። «ጸጥ ብሎ ያልፋል።» አቶ መልከጸዴቅ ዕድሜ ልካቸውን ጥያቄ ምልክት ሲያርሙ ኖረው እንዲህ ያለ ኃላፊነት ሲሰጠው አይተው ስለማያውቁ ነገሩ በጣም ደስ አላቸው።

ከዚያ ልምምድ ሰጠቻቸው። ከቤታችሁ የምታውቁትን አንድ ሥራ ጻፉ፣ መጨረሻው ላይ ጥቅሏን ጨምሩ፣ ጥቅሏ ኦፕሽናል ትሁን፤ ስሞቹን በአማርኛ ፊደል መጻፍ ትችላላችሁ አለች። በሌላው ቀን የአንድ የሁለቱን ብቻ መርጣ ነበር የምታሳየው፤ ዛሬ መሰነባበቻ ስለሆነ የሁሉንም ታነባለች። አቶ መልከጸዴቅ መጀመሪያ ስለ ማተሚያ ቤት ለመጻፍ አስበው ነበር። ግን ማተሚያ ቤቱ ርቋል፤ እጅ ደግሞ የሚጽፈው በየቀኑ የሚያየውን ነው። የሥራውን ስም «ማታ» አሉት። በቅንፉ ውስጥ «ከዚያ» የምትል ጥቅል አስቀመጡ፤ ጥያቄ ምልክቷን አልረሱም። ጽፈው ሲጨርሱ እንደ ጥንቱ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ፣ ፊደል በፊደል አረሙት። ቅንፉ ተዘግቷል፣ ፊደሉ ተሟልቷል። የአራሚ ስሕተት ግን እዚህ ላይ ናት፤ ፊደሉን ሲያይ ነገሩን አያይም። በማተሚያ ቤትም ስንት ጊዜ ደርሶባቸዋል፤ አንዲት ነጥብ ሳትጎድል፣ ርእሱ የሌላ ጽሑፍ የሆነ ገጽ አሳልፈዋል። አሁንም ምን እንደጻፉ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያነቡት ላኩት።

የአዳነች ስለ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ነበር፤ የያፌት ስለ መኪና። ተሳቀ፣ ተጨበጨበ። ከዚያ የጋሼ ሉቃስ ጽሑፍ ስክሪኑን ሞላው፤ ሃሌሉያም ቅኔ እንደምትቀኝ ድምፅዋን አስተካክላ ማንበብ ጀመረች። «ማታ። በር ይከፈታል። ጫማ ከበሩ ኋላ። ጥሩ፣ ጋሼ! ሳህን ከማይክሮዌቭ ይወጣል። ክዳኑ ይነሣል። ቃሪያው አንድ በአንድ ተለይቶ ወደ ሳህኑ ዳር...»

«ውይ ጋሼ ሉቃስ፣ ቃሪያ የማይበላው ማን ነው!» አለች አዳነች። ሌሎቹ ሳቁ።

ሃሌሉያ አልሳቀችም። አቶ መልከጸዴቅ ያኔ ነው የጻፉትን ያነበቡት። እጃቸው ኮምፒውተሩን ሊያጠፋ ተነሥቶ መንገድ ላይ ቀረ፤ ማጥፋትም መናገር ሆነባቸው። ልጅቷ ወደ ስክሪኑ ተጠግታ ነበር፤ ፊቷ ከመቼውም ይልቅ ቀርቦ ይታያል፤ ከቅንድቧ በላይ ያለችውን ትንሽ ጠባሳ እንኳ ያያሉ፣ ከየት እንዳገኘቻት የማያውቋትን። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች። «ሳህን ታጥቦ ወደ መደርደሪያው። ከዚያ... ጥያቄ ምልክት። ጨዋታ ካለ፣ ጨዋታ። ከሌለ መብራት ይጥፋ።»

ያፌት መስመሩ የተቋረጠ መስሎት «ሃሌ፣ ትሰሚናለሽ?» አለ።

«እሰማለሁ» አለች። «ኮዱ ትክክል ነው። ይሠራል። ጋሼ ሉቃስ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ይቺን የመጨረሻዋን ለምን ኦፕሽናል አደረጓት? እኔ ስላልኩ ነው?»

አቶ መልከጸዴቅ ፊደል መልቀም ጀመሩ። እንደዚያን ቀን ቁልፎቹ ተበታትነው አያውቁም። ለክፍሉ ሁሉ የሚታየው ትንሽ ሳጥን ውስጥ የጻፉት ይህን ነው፦ «ላስገድዳት አልፈለግሁም።»

ማንም አልሳቀም። አዳነች እንኳ አፏን ያዘች። ሃሌሉያ ለረጅም ጊዜ ወደ ጎን ዞራ፣ ወደ በሯ ይመስላል፣ ስታይ ቆየች። ስትመለስ ለክፍሉ የምትናገር መስላ ተናገረች። «ሁላችሁም ስሙ። ይቺ ነገር ሥራዬ ላይም ታስቸግረኛለች። ኦፕሽናል ስታደርጉት ኮዱ አይጮህም፣ ኦኬ? ጥቅሏ ባትሰጥም ሁሉም ነገር ደኅና ይመስላል። በር ይከፈታል፣ ሳህን ይታጠባል። በየቀኑ ባዶ ሆኖ ሲያልፍ ማንም አያይም። ባዶ መሆኑን የሚያውቀው የጻፈው ሰው ብቻ ነው።» ከዚያ ወደ ጋሼ ሉቃስ ተመለሰች። «ካስፈለገችዎት ጥያቄ ምልክቷን ያንሷት። ያን ጊዜ ማንም ሳይሰጥዎት ማለፍ አይችልም። እንቢ ይላል። እንቢ ማለቱ ደግ ነው፣ ጋሼ።» የሌሎቹን ሥራ ሳታነብ ቀረች። አመሰገነቻቸው፣ እግዚአብሔር ይባርካችሁ አለቻቸው፤ ለመሰነባበቻ የተዘጋጀውን ሁሉ ትታ ክፍሉን ዘጋችው። ስክሪኑ ጥቁር ሆነና አቶ መልከጸዴቅ የገዛ ፊታቸውን አዩበት።

ወደ ቤት ሲመለሱ ቸኩለውም፣ ዘግይተውም ነበር፤ ጥቂት ይራመዱና ይቆማሉ። አፈሩ። ሽማግሌ ሰው፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ በሐሰት ስም የልጁን በር ሲያዳምጥ መክረሙ ሳያንስ እራቷን ሁሉ አደባባይ አወጣው። ልጅቷ ከእንግዲህ ማታ ስትገባ ያቺኑ «ኦኬ፣ አባ» እንኳ ትነፍጋቸው ይሆናል። ለነገሩ ይገባኛል አሉ። ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣባቸው፤ ሻንጣቸውን ይዘው እኔ ልሂድ ቢሏት አታስቀራቸውም ይሆናል፤ ይህን ሲያስቡ በዝናብ የራሰ አጥር ተደግፈው ቆሙ። ናፍቆት ሰው ሲርቅ ብቻ የሚመጣ ይመስላቸው ነበር፤ አጸደን ሲናፍቁ፣ ልጅቷን በስልክ ሲናፍቁ የኖሩት እንዲያ ነው። ከአንድ ግድግዳ ማዶ ያለ ሰው እንዲህ እንደሚናፍቅ ማን ነግሯቸው ያውቃል።

በሩን ሲከፍቱ ሃሌሉያ የምግብ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ ነበር። ስልክም፣ ኮምፒውተርም አልያዘችም። ዓይኗ ቀልቷል።

«ጋሼ ሉቃስ» አለች።

አቶ መልከጸዴቅ ጃኬታቸውን ሳያወልቁ በሩ ላይ ቆሙ። «ተቆጣሽ?»

«አላውቅም። ሁሉንም ሰማህ? ስሳሳት ሁሉ?»

«ሰማሁ።»

«አንድ ቀን እንኳ አላረምከኝም።»

«ተማሪ ነበርኩ» አሉ።

ልጅቷ ልትስቅ ፈልጋ አፏ አልታዘዝ አላት። ተቀመጥ አለቻቸው፤ ውኃ የሚንጠባጠብ ጃኬታቸውን እንደለበሱ ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። ጣቶቿን እያፍተለተለች ስትናገር አማርኛው እየቆመ፣ እየተነሣ መጣ። «ክላሱን ለምን እንደጀመርኩት ታውቃለህ? እነ አዱ ይማሩ ብዬ፣ እሱም አለ። ግን አማርኛዬን ፕራክቲስ ለማድረግ ነበር። አንተ ጋ ስመጣ አፌ ይታሰራል፣ አባ። ሳወራ ፊትህ እንዲህ ይሆናል» ብላ ግንባሯን ኮሶ እንደጠጣ ሰው ቋጠረችው። አቶ መልከጸዴቅ እጃቸውን ወደ ግንባራቸው ወሰዱ፤ የገዛ ፊታቸውን ሌላ ሰው ላይ ሲያዩ ክው አሉ። እሳቸው እኮ ቃሏ እንዳያመልጣቸው ጆሯቸውን ሲያቀኑ ነው እንዲያ የሚሆኑት። ስንት ዓመት በዚያ ፊት ነው የፈረዱባት? «ልነግርህ የምፈልገው አንድ ነገር አለ» አለች። «በእንግሊዝኛ ለሰው ነግሬዋለሁ፤ ለጓደኛ፣ ለሐኪም። ለአንተ ግን በአማርኛ መሆን አለበት። ቃሉ ገና አልሞላልኝም። ሌላ ቀን... ከፈለግክ ብቻ፣ አባ። ካልፈለግክም ኦኬ ነው።»

«ከፈለግክ አትበይኝ» አሉ አቶ መልከጸዴቅ። «እፈልጋለሁ። አሁኑኑ ንገሪኝ።»

አባቷ ግንባራቸው እንዳይቋጠር በመዳፋቸው ደግፈው ያዙት።

«እማ ሆስፒታል እያለች፣ መጨረሻ ላይ፣ መድኃኒቱ ያደነዝዛት ነበር። ትነቃና ‹አባትሽ ደረሰ?› ትለኛለች። ትተኛለች፣ ደግሞ ትነቃለች፣ ‹ደረሰ?› ትላለች። ቪዛ እንደከለከሉህ አውቅ ነበር። በዚያ ሳምንት ነግረኸኛል።»

«ነግሬሻለሁ።»

«ለእሷ አልነገርኳትም። ‹ፕሌን ላይ ነው› አልኳት። ዋሸኋት፣ አባ። ሌላ ሰው አልነበረም፣ እኔና እሷ ብቻ ነበርን። ሲነጋ ሞተች። እየጠበቀችህ ነው የሞተችው፤ ያስጠበቅኋት ደግሞ እኔ ነኝ።»

አቶ መልከጸዴቅ አለቀሱ። ለሚስታቸው ይሁን ለዚህች ልጅ፣ አጠገቧ ማንም ሳይኖር ያን ሌሊት ላደረችው፣ መለየት አልቻሉም። ጠረጴዛውን ተሻግረው እጇን ያዙት፤ ቀዝቃዛ ነበር፤ እሷም አልነጠቀቻቸውም።

«ፕሌን ላይ ነው ስትያት፣ እሷስ ምን አለች?»

«ደስ አላት» አለች ሃሌሉያ። «‹በይ ፀጉሬን አበጥሪኝ፣ እንዲህ ሆኜ እንዳያየኝ› አለችኝ። ፀጉር እኮ አልነበራትም፣ አባ፤ መድኃኒቱ ጨርሶት ነበር። ማበጠሪያ ፈልጌ አበጠርኳት።»